ለደንገጎ ጠመዝማዛና ለድሬ ሙቀት፦ የአንድ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 የጎማ ምርጫ

ጉዳዩ የመጣው በቅሬታ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚኖር የያማሃ ኤፍጄአር 1300 (ለረጅም ጉዞ የሚሆን ከባድ ሞተርሳይክል) ባለቤት ሞተሩ “መታጠፍ እምቢ አለኝ” ይላል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሰላም ነው፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ሲጀምር ግን መሪው ይከብዳል፣ ትንሽ ሲገፋ ደግሞ ባንዴ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቁልቁል ላይ ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ፊት ይንቀጠቀጣል። መካኒኮች የመሪ ኩሽኔታ ነው ብለውት ነበር። ፊቱ ተነስቶ መሪው ከጫፍ ጫፍ ሲዞር የሚይዝበት ቦታ የለም፤ ሹካው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋም ኳ የሚል ድምፅ አይሰማም። ኩሽኔታው ደህና ነው። እስከዚያ ድረስ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያየ ሰው አልነበረም።

ከጎማው ስም በፊት የተጠየቀው ሞተሩ የት እንደሚውል ነው። መልሱ ይህን ይመስላል፦ በየሳምንቱ ሐረር ደርሶ መልስ፣ በወር አንዴ ገደማ ጅግጅጋ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦና ሻንጣ ጭኖ ቁልቢ። ከአስፋልት የሚወጣው ለማቆም ብቻ ነው። የድሬ–ሐረር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለጎማ ከባድ ፈተና ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደንገጎ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ በግራ ታጥፎ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ይገባል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ታች ያለው አስፋልት በቀትር ከ50 ዲግሪ በላይ ይግላል። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያው ጎማ ደንገጎ ላይ ጭጋግና እርጥብ መንገድ ያገኛል። ክረምት ላይ ጎርፍ ያወረደው አፈር መታጠፊያ ላይ ይተኛል፤ ከጭነት መኪና የተንጠባጠበ ናፍጣም አይጠፋም። ጫት ጭነው የሚከንፉት አይሱዙዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ ለጎማ ምርጫ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚህ መንገድ ላይ ድንገተኛ ፍሬን መያዝ የማይቀር ነው።

የቆዩት ጎማዎች የሚናገሩት

ልኬቱ የተወሰደው ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ በኋላ ነው። የንፋሱ መጠን ፊት 28፣ ኋላ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)። የያማሃ መመሪያ ለዚህ ሞተር የሚያዘው ጎማው ቀዝቅዞ ሲለካ ፊት 39፣ ኋላ 42 ነው፤ በባር 2.7 እና 2.9 ማለት ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል፣ ሰፈሩ ያለው ጎሚስታ ለሁሉም ሞተር የሚሞላው ለቤት መኪና የለመደውን 30 ነው። ባለቤቱም አልተቃወመም፤ ድሬ ላይ “በዚህ ሙቀት ንፋስ ካበዛህ ይፈነዳል” የሚለው ወሬ በሰፊው ይታመናል።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። 39 እና 42 የሚለው ቁጥር ጎማው በጉዞ ሲግል የሚጨምረውን አስቀድሞ ያሰበ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ጎኑ ይጎብጣል፣ ይቃናል፤ ይህ መተጣጠፍ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ የአስፋልቱ ሙቀት ደግሞ ይጨመርበታል። ላስቲኩ ከውስጥ ክሩ ጋር የሚላቀቀው በዚህ መንገድ ነው። በሙቀት ፈነዳ ከሚባለው ጎማ ብዙው ንፋስ ያነሰው ወይም ያረጀው ነው።

የኋላው ጎማ መሃሉ ላይ 1.4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ቀርቶታል፤ ትከሻው ላይ ግን 4.5። ከኋላ ቁጭ ብሎ ለሚያየው ክብነቱ ጠፍቶ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ሞተሩ ሲያጋድል ጎማው የዚያን ጠፍጣፋ ጠርዝ መሻገር አለበት፤ እስኪሻገር ይከብዳል፣ ሲሻገር ባንዴ ይወድቃል። የባለቤቱ ቅሬታ ቃል በቃል ይኸው ነው።

የፊተኛው ችግር ሌላ ነው። መሃሉ 2.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቀኝ ትከሻው 2.1፣ የግራው 1.7 ነው። መዳፍ ጎማው ላይ ተደርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሳብ ይለሰልሳል፣ ወደ ሌላው ሲሳብ የእያንዳንዱ ጥርስ ጠርዝ እጅ ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ጥርሱ በፍሬን ጊዜ እየተንጋደደ አንድ ወገኑ ብቻ ይበላል። መንቀጥቀጡ የዚህ ውጤት ነው። ግራው ከቀኙ ለምን ባሰ? በቀኝ በኩል ስለምንነዳ የግራ መታጠፊያ ቅስቱ ሰፊና ረጅም ነው፤ ጎማው በግራ ትከሻው ላይ የሚሄደው ርቀት ይበልጣል።

በዚያ ላይ ሁለቱ ጎማዎች የተለያየ ፋብሪካ ምርት ናቸው። የፊተኛው የምርት ጊዜ ማኅተም 4716፣ የኋላው 1118 ይላል፤ ጎናቸው ላይ፣ ወደ ቸርኬው ጠጋ ብሎ፣ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ጀምረዋል። ሁለቱም እንዲቀየሩ ተወሰነ።

ገበያው ያቀረበው

ለዚህ ሞተር ትክክለኛው ልክ ፊት 120/70 ዜድአር 17 (58 ደብሊው)፣ ኋላ 180/55 ዜድአር 17 (73 ደብሊው) ነው። 180 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፣ እዚህ ላይ 99 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 73 የሚለው ቁጥር ጎማው እስከ 365 ኪሎ፣ 58 ደግሞ እስከ 236 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ደብሊው በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማንም እዚህ አይነዳውም፣ ግን ፊደሉ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችልም ስለሚጠቁም ድሬ ላይ ከንቱ አይደለም።

መጀመሪያ የተገኘው በጅቡቲ በኩል የመጣ፣ ስሙ የታወቀ የስፖርት ጎማ ነበር፤ ልኩ ትክክል፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ላስቲኩ የሚያብለጨልጭ። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለውን ማኅተም በጣቱ አሳየ፦ 2314። “አቦ አትጨነቅ፣ የ14 ምርት ነው፣ ገና አዲስ!” አለ። ሻጩ ለማታለል አስቦ አልነበረም፤ 14ን የቆጠረው በኛ አቆጣጠር ነው። ጎማ ላይ ያለው ማኅተም ግን ሁልጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ። 2314 ማለት የ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ በኛ ግንቦት መጨረሻ 2006 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩ በ2017 ዓ.ም. ስለሆነ ሦስት ዓመት የመሰለው ጎማ ወደ አስራ አንድ ይጠጋል። ስህተቱ በጣም ቀላል ነው፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም በዚህ ነው፤ ስለዚህ ጎማ ሲገዛ ማኅተሙ ላይ ካለው ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ቀንሶ ማሰብ ይበጃል።

ታላላቆቹ ጎማ አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ፀሐይ የሚገባበት መደብር ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ጎማ ከዚያም ቀድሞ ይደርቃል። ጥፍር በጥርሱ ላይ ሲጫን መግባት አለበት፤ እንደ ፕላስቲክ ከመለሰው እርጥብ ደንገጎ ላይ አይይዝም። ደግሞም አዲስ ቢሆን እንኳ ንጹሕ የስፖርት ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፦ ለስላሳ ነው፣ በከባድ ሞተር ላይ መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ የውሃ ቦዩም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ያገለገለ 190/50 ነበር፤ “ሰፋ ይላል፣ ያምራል” ተባለ። የዚህ ሞተር የኋላ ቸርኬ ስፋት 5.50 ኢንች ነው፣ 190 የተሠራው ለ6.00 ነው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተጨምቀው መሃሉ ይቆለምማል፣ ትከሻው ከታሰበለት ቦታ ይወጣል። ለመልክ ካልሆነ በስተቀር ጥቅም የለውም።

ሦስተኛው ብዙ ትናንሽ ሞተሮች የሚጠቀሙበት 140/70-17 ባያስ (የውስጥ ክሩ በሰያፍ የተደረደረ) ጎማ ነው። ዋጋው ቀላል፣ በየሱቁ የሚገኝ። ስፋቱ ለቸርኬው አይበቃም፣ የሚሸከመው ክብደት ያንሳል፣ ራዲያል (ክሩ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ያለ) እና ባያስ ማደባለቅ ደግሞ የሞተሩን ጠባይ ያበላሻል። እሱም ታለፈ። ግማሽ አፈር ግማሽ አስፋልት የሚባለውም ታስቦ ነበር፤ ከአስፋልት ለማይወጣ ሰው ግን ትልልቅ ጥርሶቹ ቁልቁል ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ የፊተኛውን አበላልም ያባብሳሉ።

ለምን ጂቲ

የቀረው አዲስ የስፖርት ቱሪንግ (ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የተሠራ) ጎማ በአዲስ አበባ በኩል ማዘዝ ነው። የዚህ ዘመን ስፖርት ቱሪንግ ጎማ መሃሉ ጠንከር ባለ፣ ትከሻው ለስለስ ባለ ላስቲክ ይሠራል፤ ቀጥ ያለው መንገድ መሃሉን ቶሎ እንዳይጨርስ፣ መታጠፊያው ላይ ግን እንዲይዝ። ሲሊካ የበዛበት ላስቲኩ ሳይሞቅም እርጥብ መንገድ ላይ ይይዛል፤ ከሐረር ማለዳ ለሚነሳ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ገዢ የሚስተው ነገር አለ። አንዳንድ ሞዴሎች በአንድ ልክ ሁለት ዓይነት ሆነው ይመጣሉ፦ ተራውና ለከባድ ሞተር ተብሎ አካሉ የጠነከረው። ሚሼሊን ሮድ 5 እና ብሪጅስቶን ቲ31 የከባዱን ጂቲ ይሉታል፤ ፒሬሊ አንጀል ጂቲ 2 ላይ ደግሞ ከስሙ በኋላ ኤ የሚል ፊደል ይጨመራል። ጥርሱ ያው ነው፣ ፎቶው ያው ነው፤ ልዩነቱ ውስጥ ያለው ክር ላይ ነው። ኤፍጄአር ነዳጁ ሞልቶ 290 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ነጂ 75፣ ከኋላ የሚቀመጥ 60፣ ሻንጣ 25 ሲጨመር 450 ይደርሳል፤ ወደ ስድሳ በመቶው ኋላ ቢያርፍ 270 ኪሎ ነው። ከ365 በታች ስለሆነ ተራውም በቁጥር ይችለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክብደት ቁልቁል በፍሬን ወደ ፊት ሲዞር ተራው ፊተኛ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ያው የቀድሞው አበላል ይመለሳል። ለዚህ ሞተርና ለዚህ መንገድ ጂቲውን አለመውሰድ ጥቂት ብር ለማትረፍ ብዙ ማጣት ነው።

የትኛው ፋብሪካ? በእኛ ግምት ከሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከማኅተሙ ዕድሜ ልዩነት ያንሳል። ለአስመጪው የተሰጠው ትእዛዝ “ከእነዚህ የከባድ ሞተር ጎማዎች ፊትና ኋላው አንድ ሞዴል የሆነ፣ ማኅተሙ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ፎቶው ቀድሞ ይላክ” የሚል ነበር። የመጣው ሮድ 5 ጂቲ ነው። ያው ዕድሜ ያለው ቲ31 ጂቲ ቢመጣም ይገጠም ነበር።

አገጣጠም

ጎማዎቹ የደረሱት ፊተኛው በኋለኛው ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ እንዲህ ይደረጋል። ቶሎ ካልተለያዩ የውጪው ጎማ አፍ (ቸርኬው ላይ የሚያርፈው ጠርዝ) ይሰፋል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ ቸርኬ ላይ ንፋስ መያዝ እምቢ ይላል። ተለያይተው አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ቆመው ዋሉ።

ድሬ ላይ ጎማ የሚፈታው በብረትና በመዶሻ ነው፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጭረት አይወድም፣ ጠርዙ ከተጎዳ ቱብለስ (ካላማዳሪ የሌለው) ጎማ ከዚያ በኩል ይተነፍሳል። ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጡ መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮች በብረቱና በቸርኬው መካከል ተደርገው ነው የተሠራው። የፍሬን ዲስኩ መሬት እንዳይነካ ቸርኬው አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተጋደመ፣ የኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቀለበት እንዳይጎብጥ ብረቱ በዚያ ወገን አልገባም። የጎማው አፍ የተቀባው የሳሙና ውሃ ነው። ናፍጣ ወይም ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ላስቲኩን ይበላል፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝም ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ቫልቮቹ ተቀየሩ፤ ርካሽ ነገር ናቸው፣ የድሬ ሙቀት ግን ቀድሞ የሚያደርቀው እነሱን ነው። ቀስቱ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታየ።

አፉ ቦታው ላይ እንዲቀመጥ የቫልቩ ልብ ወጥቶ ንፋስ ተለቀቀበት። ከ4 ባር መብለጥ የለበትም፤ ካልተቀመጠ ንፋሱ ወጥቶ እንደገና ሳሙና ይቀባል እንጂ አይጨመርም። ከቸርኬው ጠርዝ ጎን ለጎን የምትታየው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባት። የኋላው ወዲያው ተቀመጠ፤ የፊተኛው አንድ ቦታ ላይ ጠልቆ ቀርቶ ሁለተኛ ተቀባ።

ለባላንስ ማሽን አላስፈለገም። ቸርኬው በአክሱ ላይ በሁለት ማቆሚያ መካከል ተንጠልጥሎ ከባዱ ቦታ ወደ ታች እስኪመጣ ተጠበቀ፣ በተቃራኒው በ5 ግራም እየተጨመረ ተስተካከለ። ፊት 15፣ ኋላ 25 ግራም ወሰደ። ከ60 ቢያልፍ ጎማውን ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ይሻላል። ፊተኛው ሲገጠም መጀመሪያ አክሱ ጠበቀ፣ ቀጥሎ ሹካው ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጫነ፣ የጎን ብሎኖቹ የተጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሹካው ተጣሞ ይቆማል፤ የመንቀጥቀጥ ሌላው ምንጭ ይኸው ነው። ሁሉም በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ ጠበቀ።

በሥራው መካከል ጎሚስታው ካላማዳሪ ይግባበት ብሎ ነበር፤ “ቢበሳ በቀላሉ ይጠገናል” በሚል። ቱብለስ ራዲያል ውስጥ ካላማዳሪ ሲገባ ሁለቱ እየተፋተጉ ይግላሉ፣ ሲበሳም ንፋሱ ባንዴ ይወጣል። ቱብለስ ሚስማር ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው፣ ነጂው ለማቆም ጊዜ ያገኛል። በምትኩ ሻንጣው ውስጥ መሰኪያና ትንሽ በእግር የሚሠራ ፓምፕ ተቀመጠ። መሰኪያ የሚሠራው መሃሉ ላይ ላለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ላልበለጠ ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ ከተበሳ ጎማው አልቋል።

ንፋሱ የሚለካው የት ነው

ይህ ጥያቄ ድሬና ሐረር ለሚመላለስ ሰው ቀላል አይደለም። ድሬ ላይ በ34 ዲግሪ 42 የተሞላ ጎማ ሐረር ላይ አድሮ በ16 ዲግሪ ሲለካ ከቅዝቃዜው የተነሳ ወደ 3 ፒኤስአይ ይቀንሳል፤ ከፍታው ደግሞ የውጪውን አየር ስለሚያሳሳ መለኪያው ላይ ወደ 1 ይመልሳል። ሐረር ጠዋት 40 ቢያነብ ጎማው አላፈሰሰም። ሲገለበጥ ደግሞ ሐረር ጠዋት 42 ተሞልቶ ድሬ ሲወረድ 44 ገደማ ይሆናል፣ ይህም አይጎዳም። የሚጎዳው ከደንገጎ ወርዶ ጎማው እንደጋለ 47 ወይም 48 ሲያነብ ደንግጦ ማስተንፈስ ነው፤ ሲነጋ 36 ላይ ይገኛል። ስለዚህ ልኩ አንድ ነው፦ ድሬ፣ ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ በራስ መለኪያ። የጎሚስታው ኮምፕረሰር መለኪያ ከባለቤቱ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነት ነበረው።

የመጀመሪያው 150 ኪሎ ሜትር በከተማውና በዙሪያው፣ ያለ ኃይለኛ ፍሬንና ያለ ብዙ ማጋደል ተነዳ፤ አዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካ የሚቀር ለስላሳ ንብርብር እስኪጠረግ ያንሸራትታል። ከዚያ ንፋሱና ብሎኖቹ እንደገና ታይተው ደንገጎ ተወጣ። መሪው ቀለለ፣ የፍሬን መንቀጥቀጡ ጠፋ። ኩሽኔታው እንደነበረ ነው።

ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የኋላው መሃል ከ6.6 ወደ 4.7 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ፊተኛው ሲገጠም ሁለቱም ትከሻው ላይ 4.4 ነበር፤ አሁን ቀኙ 3.5፣ ግራው 3.2 ነው፣ እጅ የሚይዝ ጠርዝም የለውም። በዚህ አካሄድ የፊተኛው ግራ ትከሻ 2 ሚሊ ሜትር ላይ የሚደርሰው አሥር ሺህ አካባቢ ነው፤ የኋላው አሥራ ሁለት ሺህ ይሞላል። ቀጥ ባለ አገር ሁለት የኋላ ጎማ ሲያልቅ አንድ ፊተኛ ያልቃል ይባላል፤ የደንገጎ ቁልቁለት ይህን ልማድ ስለሚገለብጠው ቀጥሎ የሚታዘዘው ፊተኛው ብቻ ነው፣ ያው ሞዴል፣ ያው ጂቲ፣ ከሐምሌ 19 ጉዞ በፊት እንዲደርስ ሚያዝያ ላይ።